ማርጋሬቴ ሽታይፍ፦ ምልክቷን በድብ ጆሮ ላይ የተወች የጊንገን ልብስ ሰፊ

እ.አ.አ በ1994 በለንደን ከተማ በተካሄደ ጨረታ አንድ አሮጌ የአሻንጉሊት ድብ ለሽያጭ ቀረበ። ዕድሜው 90 ዓመት ገደማ ነበር። ተጫራቾች ዋጋውን እያናሩት ሄደው በመጨረሻ በ110 ሺህ ፓውንድ አንድ ጃፓናዊ ነጋዴ አሸነፈ። ወርቅም ሆነ ዕንቁ አልነበረበትም። የዚያ ዘመን ድቦች ውጫቸው የፍየል ፀጉር፣ ሆዳቸውም የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር። ዋጋውን ከፍ ያደረገው የማን ሥራ እንደሆነ መታወቁ ነው። ሥራው መቆም የማትችል አንዲት ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ ካቋቋመችው ፋብሪካ የወጣ ነበር።

ማርጋሬቴ ሽታይፍ እ.አ.አ ጁላይ 24 ቀን 1847 በደቡብ ጀርመን፣ በብሬንዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጊንገን ከተማ ተወለደች። አባቷ ግንበኛ ነበር። ገና በ18 ወሯ የልጅነት ልምሻ ያዛት። ሁለቱም እግሮቿ ሽባ ሆኑ፤ ቀኝ እጇም ደከመ። ወላጆቿ ተስፋ ሳይቆርጡ ሩቅ ከተማ ድረስ ወስደው አሳከሟት፤ ፍል ውኃም አስሞከሯት። ይሁን እንጂ ከበሽታው አልዳነችም።

ያን ጊዜ ቤተሰቡን ያስጨነቀው ወላጆቿ ካለፉ በኋላ ማን እንደሚጦራት ነበር። እርሷ ግን የማንም ሸክም ሆና መኖርን አልመረጠችም። እኅቶቿና የሰፈር ልጆች በእጅ ጋሪ እየጎተቱ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ከፍ ስትልም ልብስ ስፌት መማር ጀመረች። ቀኝ እጇ ስለሚያስቸግራት መጀመሪያ ላይ ሥራው እጅግ ከበዳት፤ ከዓመታት ልምምድ በኋላ ግን የተዋጣላት ሰፊ ወጣት። የልብስ ስፌት መኪናውን ጎማ በቀኝ እጅ ማዞር ስላቃታት መኪናውን ወደ ኋላ አዙራ በግራ እጇ ትሠራበት ነበር። ዚተር የተባለውን ባለ ብዙ ክር የሙዚቃ መሣሪያ እያስተማረችም ገንዘብ ታገኝ ነበር።

አባቷ ከቤቱ ከፍሎ የስፌት ክፍል አዘጋጀላት። እ.አ.አ በ1877 ደግሞ የራሷን የፌልት ልብስ መደብር ከፈተች። ፌልት ሳይሸመን፣ የበግ ሱፍ ተጠቅጥቆ የሚዘጋጅ ወፍራም ጨርቅ ነው። ከዚህ ጨርቅ የሴቶችና የልጆች ልብስ እየሰፋች ስትሸጥ ደንበኞቿ በዙ፤ እርሷም ሌሎች ሴቶችን መቅጠር ጀመረች።

ሕይወቷን የለወጠው ግን ልብስ አልነበረም። አንድ ቀን በፋሽን መጽሔት ላይ የትንሽ ዝሆን ንድፍ አየች። በዚያ መሠረት ከፌልት ዝሆን ሰፍታ፣ ውስጡን በሱፍ ሞልታ፣ ለወዳጆቿ የመርፌ መሰኪያ እንዲሆን ሰጠች። ልጆች ግን ዝሆኑን ከእናቶቻቸው እጅ እየወሰዱ ይጫወቱበት ጀመር። ማርጋሬቴም ይህን አስተውላ ዝሆኑን ለገበያ አቀረበች። እ.አ.አ በ1886 ከ5 ሺህ በላይ ዝሆኖች ተሸጡ። ፈረስ፣ ውሻ፣ ድመትና አሳማም ተከተሉ። እ.አ.አ በ1893 ድርጅቷ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ሆኖ ተመዘገበ።

ከጊዜ በኋላ የወንድሟ የፍሪትስ ልጆች ሥራውን ተቀላቀሉ። ከእነርሱ አንዱ ሪቻርድ ሥዕል የተማረ ነበርና የአራዊት ማቆያ ድረስ እየሄደ የድቦችን አኳኋን ይነድፍ ነበር። እ.አ.አ በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ሠራ። ለውጩም ሞሄር መረጠ። ሞሄር ከአንጎራ ፍየል የሚሸለት ረጅም፣ አንጸባራቂና ጠንካራ ፀጉር ሲሆን፣ ፍየሉ ስሙን ያገኘው ከቱርክ የአንካራ ምድር ነው።

እ.አ.አ በ1903 ድቡ ለላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ሲቀርብ ብዙዎች አልፈውት ሄዱ። በኩባንያው ታሪክ እንደሚነገረው ትርኢቱ ሊዘጋ ሲል አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ 3 ሺህ ድቦችን አዘዘ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአደን ላይ ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም ማለታቸው በጋዜጣ ካርቱን ወጥቶ ነበር። አሜሪካውያን የአሻንጉሊት ድብን በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም ቴዲ ብለው ጠሩት፤ ፈላጊውም በዛ። እ.አ.አ በ1907 ብቻ የጊንገኑ ፋብሪካ 974 ሺህ ድቦችን ሠራ። በፋብሪካው ውስጥ 400 ገደማ ሠራተኞች ሲኖሩ፣ 1 ሺህ 800 ያህሉ ደግሞ በየቤታቸው ሆነው ይሰፉ ነበር።

ገበያው ሲደራ አስመሳይ ሥራዎችም ተበራከቱ። ለማርጋሬቴ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ለልጅ ከምርጡ በታች መስጠት አይገባም የሚል የጸና እምነት ነበራትና፣ ለገበያ የሚወጣውን ሥራ በዓይኗ ሳትመረምር አታሳልፍም ነበር። እ.አ.አ በ1904 የወንድሟ ልጅ ፍራንዝ መፍትሔ አመጣ፤ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጆሮ ላይ ትንሽ የብረት አዝራር እንዲተከል አደረገ። በመጀመሪያዎቹ አዝራሮች ላይ የተቀረጸው ዝሆን ነበር። የቤተሰቡ ስም የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ማርጋሬቴ እ.አ.አ ሜይ 9 ቀን 1909 በ61 ዓመቷ በሳንባ ምች አረፈች። አላገባችም፤ ልጅም አልወለደች። ድርጅቱን ለወንድሟ ልጆች አስረክባለች።

ዛሬ ጥንታዊ ድቦችን የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ድብ ሲያገኙ ቀድመው የሚመለከቱት ግራ ጆሮውን ነው። ፀጉሩ ሊረግፍ፣ መዳፉም በብል ሊበላ ይችላል፤ አዝራሩ ካለ ግን ከቅርጹና ከጽሑፉ ተነሥተው ድቡ የተሠራበትን ዘመን ይገምታሉ። ከ1902ቱ የመጀመሪያ ሞዴል አንድ ስንኳ እስከ ዛሬ እንደተረፈ አይታወቅም። ማን ይጦራታል ተብሎ የተጨነቁላት ልጅ ግን በሕይወቷ ሳለች ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ድርጅት አቁማ አልፋለች።