አል-ኸዋሪዝሚ፦ ከሚራስ እስከ ቅጠል ፕሮቲን



በመድረሳ ሚራስ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ አልጀብራ ተምረን እዚህ ግቢ የደረስን ብዙ ነን። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ያስተማረውን ሰው ግን ብዙዎቻችን በስሙ እንጂ በሥራው አናውቀውም።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ተወለደ። መጠሪያውን ያገኘው በመካከለኛው እስያ ከሚገኘው የኸዋሪዝም ምድር ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833) ባግዳድ ውስጥ በበይተል ሒክማ ሠራ። የከዋክብት ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ የከተሞችን መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ መዘገበ፤ በሕንድ አኃዞች እንዴት እንደሚሰላ አስተማረ።

በ820 ገደማ የጻፈው የአል-ጀብር መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድና ሦስት ሴት ልጆቿን ትታ ሞተች፤ ለባዕድ ሰው ደግሞ የንብረቷን አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዛለች። ንብረቱ 1120 ድርሻ ይሆናል። ባዕዱ 300፣ ባል 205፣ ወንዱ ልጅ 246፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ትወስዳለች። የማንም ሐቅ አይጎድልም። መጽሐፉ ውስጥ ኤክስ የሚባል ምልክት የለም፤ ሁሉም በቃላት፣ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ስለሆነ ማንም ተከትሎ እዚያው መልስ ላይ ይደርሳል።

በ850 ገደማ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎቹ ወደ ላቲን ሲተረጎሙ ስሙም አብሮ ተሻገረ። አልጎሪዝም የምንለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው።

ዛሬ ይህ ስም ቅጠል ውስጥ ገብቷል። ሩቢስኮ የተባለው ፕሮቲን ተክሎች ምግባቸውን እንዲሠሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። ትልቁ ክፍሉ 475 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚወስነው የሰንሰለቱ አተጣጠፍ ነው። የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ በቤተ ሙከራ ማወቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም ግን ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ተነስቶ ቅርጹን በአጭር ጊዜ ይተነብያል። ከሠሪዎቹ ሁለቱ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተዋል። ስሌቱ ከአል-ኸዋሪዝሚ በጣም የራቀ ነው፤ ከታወቀው ተነስቶ በሥርዓት ወደማይታወቀው መድረስ ግን የእርሱም መንገድ ነበር።

ከመካከላችን ሐለቃውን ለዲን፣ ቤተ ሙከራውን ለዱንያ ብቻ የሚመድብ አለ። በዚህ ክፍፍል ምክንያት አንዱ ትምህርቱን ችላ ሲል፣ ሌላው ከጀማዓው ሲርቅ እያየን ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ግን የወራሾችን ሐቅ ለማድረስ ሲሰላ የዓለምን ሒሳብ ለወጠ። እኛም ኮድ ስንጽፍ የማንን ሐቅ እንደምናደርስ እንጠይቅ።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን።