ኤሊየት ጆስሊን እና የስኳር ሕመምተኛው እግር፦ የታካሚ አጋርነት አጀማመርና ወሰን

የስኳር ሕመም የሚያስከትለውን የእግር ቁስል ለማከምና ለመከላከል ታካሚውን አጋር ማድረግ የቅርብ ጊዜ ሐሳብ መስሎ ይታያል። ሥሩ ግን ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ይገኛል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሐኪሙን የኤሊየት ጆስሊንን ሕይወት በመከተል፣ ሐሳቡ ከምን ችግር እንደተነሣና የት ላይ እንደቆመ ይመረምራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆስሊን በ1869 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኦክስፎርድ ተወለዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1893 የመረመሯትን አንዲት ወጣት የስኳር ሕመምተኛ ሁኔታ በመዝገብ አሰፈሩ፤ ይህም በዕድሜ ዘመናቸው ሁሉ እየሰፋ ለሄደው የሕሙማን መዝገብ መጀመሪያ ሆነ። በ1898 በቦስተን የግል ሕክምና ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ እናታቸው በዚሁ ሕመም መያዛቸው ታወቀ። ኢንሱሊን ባልነበረበት በዚያ ዘመን እናታቸው ምግባቸውን በጥብቅ እየመጠኑ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። ሕመምተኛው በየዕለቱ በገዛ እጁ የሚያደርገው ነገር ዕድሜውን ሊያራዝም እንደሚችል በቤታቸው ታየ።

በ1916 በአንድ ሺህ ታካሚዎች ላይ የተመሠረተ የስኳር ሕመም ሕክምና መጽሐፍ ለሐኪሞች አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጡት መመሪያ ግን የተለየ ነበር፤ ሐኪሙና ታካሚው በጋራ እንዲጠቀሙበት ታስቦ መዘጋጀቱ በርእሱ ላይ ሰፍሯል። በዚህ ሥራ ዕውቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ወደ ታካሚው ቤት ተሻገረ። ነርሶችም በማስተማር ሥራ ሠልጥነው እስከ ታካሚዎች መኖሪያ ድረስ እንዲሄዱ ተደረገ።

ጆስሊን በነሐሴ 1922 ኢንሱሊን መስጠት ሲጀምሩ የሕመሙ ገጽታ ተለወጠ። በ1934 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት ራስን በመሳት የሚደርሰው ሞት ከ60 በመቶ ወደ 5 በመቶ መውረዱን፣ በእግር ጋንግሪን የሚሞቱት ግን መብዛታቸውን አመለከቱ። ኢንሱሊን ሰዎችን ባቆየ መጠን፣ ነርቭና የደም ሥር ቀስ በቀስ የሚጎዱበት ጊዜም ረዘመ። ነርቩ የደነዘዘ እግር ጫማ ሲልጠው ወይም ሙቅ ውኃ ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ደም በበቂ ሁኔታ የማይደርሰው ቁስልም በቀላሉ አይድንም።

ጆስሊን ጋንግሪንን እንደማይቀር ዕጣ አላዩትም፤ መከላከል እንደሚቻል ተከራከሩ። መፍትሔያቸው የእግር እንክብካቤን፣ አመጋገብን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ለኢንፌክሽን የሚሰጥ ፈጣን ሕክምናንና ልዩ የቀዶ ሕክምናን ያቀናጀ የቡድን ሥራ ነበር። በኒው ኢንግላንድ ዲያኮነስ ሆስፒታል አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ሌላንድ ማኪትሪክ፣ በ1949 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት የእግሩን ፊተኛ ክፍል ብቻ ቆርጦ ተረከዙን የማዳን ዘዴን አቀረቡ። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ሊሠራው የማይችለው አንድ ተግባር ነበር። ሐኪሙ እግሩን የሚያየው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ታካሚው ግን በየዕለቱ ከእግሩ ጋር ይውላል። ሕመም ማስጠንቀቁን ሲያቆም ዐይን ሊተካው ይገባል። ስለዚህ እግርን ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅና የተላጠ ቦታ መኖሩን ማየት የሕክምናው አካል ሆኑ።

የጆስሊን አጋርነት ግን ወሰን ነበረው። ዕውቀት የሚፈስሰው ከሐኪም ወደ ታካሚ ብቻ ነበር፤ ከታካሚው የሚጠበቀውም በዋናነት ሥርዓት አክባሪነት ነው። በ1940ዎቹ ከሕመሙ ጋር ብዙ ዓመት ያለ ጉዳት ለኖሩ ሜዳሊያ መሸለም መጀመሩ ብዙዎችን ሊያበረታታ ይችላል፤ ነገር ግን ጤና የትጋት ሽልማት ከሆነ፣ ቁስል የስንፍና ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ነቀፌታን የሚፈራ ታካሚ ቁስሉን ሊደብቅ፣ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። በእግር ቁስል ደግሞ መዘግየት እግርን ያሳጣል።

ጆስሊን ታካሚዎችን ማየት ሳያቋርጡ ወደ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ደርሰው በጥር 1962 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። ያስፋፉት የታካሚ ትምህርት ዛሬ በዓለም አቀፍ የእግር ሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ሆኖም በ2014 የታተመው የኮክሬን ግምገማ፣ ትምህርት ብቻውን ቁስልንና የእግር መቆረጥን እንደሚቀንስ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ውጤት የጆስሊንን መነሻ አያፈርስም፤ የጎደለውን ግን ያመለክታል። ማጎንበስ ወይም ማየት ለማይችል ሰው የውስጥ እግሩን ማን ያይለታል? በምን አቅሙ ተስማሚ ጫማ ይገዛል? ቁስሉ እስኪድን እግሩን ሲያሳርፍ ቤተሰቡ በምን ይኖራል? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ የሚያውቀው ታካሚው ነው። ጆስሊን ታካሚውን ተማሪ በማድረግ የጀመሩት አጋርነት የሚሟላው፣ ሐኪሙም በተራው ከታካሚው ሲማር ነው።