ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፦ የጋፋቱ ባለሙያ

ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መንግሥቱ አዲስ ሙያ የሚሞክርባት ሥፍራ ነበረች። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች በጉያቸው አዲስ ሥራ የሚጀምር ቡድን እንደሚያቋቁሙት ማለት ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ ባለሙያዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሠለጠነ። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ባለእጅ ሚሲዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ያወጡት ዕቅድ ነበር፤ በዚሁ መሠረት በ1850ዎቹ መጨረሻ አገራችን ገባ። የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅም አገባ።

ንጉሡ ከስብከቱ ይልቅ የፈለጉት እጁን ነበር። ሚሲዮናውያኑ መድፍ መሥራት ሙያቸው አልነበረም። ይሁንና ትዕዛዙን እምቢ ማለት አልተቻለም። ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ሆነው ደጋግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ከሥራቸው ሁሉ የገነነው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው።

የጋፋት ጥንካሬም ድክመትም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ጥንካሬዋ የንጉሡ የቅርብ ድጋፍ ነበር። ሥራው በቢሮክራሲ አልታሰረም፤ ባለሙያዎቹም በክብር ተያዙ። ድክመቷም ያው ነው፤ ከአንድ ሰው ፈቃድ በቀር ሌላ መሠረት አልነበራትም። የንጉሡ ግዛት እየጠበበ፣ ጥርጣሬያቸው እየበረታ ሲሄድ በ1867 ባለሙያዎቹን ከጋፋት አንስተው ደብረ ታቦር አስቀመጧቸው። ሴባስቶፖልም በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1868 መቅደላ ደረሰ፤ የጦርነቱን ውጤት ግን አልለወጠም። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ይገኛል። አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ከመቅደላ በኋላ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ አቀና። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ቀጥሎም የአስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም ጥረት አደረገ። ለሆስፒታሉ ሥራ ከተለያዩ አገሮች ገንዘብ ከማሰባሰቡም በላይ ኃላፊነቱን ኮሚቴዎች እንዲጋሩት አደረገ። ሆስፒታሉም መሥራቹ በ1915 ካረፈ በኋላ እስከ 1982 ዘልቋል።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ያው ሰው፣ ያው ትጋት ነበር፤ ጋፋት ግን ከደጋፊዋ ጋር ወደቀች፣ የሊባኖሱ ተቋም ከመሥራቹ በኋላ ኖረ። በድርጅቱ ውስጥ አዲስ ሥራ ለሚጀምር የእኛ ዘመን ኃላፊም ቀዳሚው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የሚደግፈው አለቃ ከወንበሩ ሲነሳ ሥራው በምን ይቆማል?