የዓለም የንብ ቀን መታሰቢያ የሆነው የገበሬ ልጅ

በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን የዓለም የንብ ቀን ይከበራል። ዕለቱ እንዲከበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው በ2017 ሲሆን፣ በዓሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በተከታዩ ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን ለጉባኤው ያቀረበችው ስሎቬኒያ የተባለችው ትንሽ የአውሮፓ አገር ናት። ጥያቄውን ያነሡት ግን ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ የአገሪቱ ንብ አንቢዎች ማኅበር አባሎች ነበሩ። አፒሞንዲያ የተባለው ዓለም አቀፍ የንብ አንቢዎች ማኅበራት ፌዴሬሽንም ደገፋቸው። ግንቦት 12 የተመረጠበት ምክንያት አንቶን ያንሻ የተባለ የገበሬ ልጅ የልደት መታሰቢያ ስለሆነ ነው።

ያንሻ የተወለደው በ1734 ብሬዝኒትሳ በተባለች መንደር ነው። አካባቢው በዚያን ጊዜ ካርኒዮላ እየተባለ የሚጠራና መናገሻቸው ቪየና በሆነው የሀብስቡርግ ነገሥታት ሥር የሚተዳደር ነበር። አባቱ ከመቶ በላይ ቀፎ ነበራቸው። የአካባቢው ገበሬዎችም በመንደሩ እየተሰበሰቡ ስለ እርሻና ስለ ንብ ይወያዩ ነበር። ያንሻ ከጊዜ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ከተማ ያስተማረው ትምህርት መሠረቱ የተጣለው በዚህ የገበሬዎች ጨዋታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የካርኒዮላ ገበሬ ቀፎ ከሳንቃ የሚሠራ፣ ቁመቱ ዝቅ፣ ርዝመቱ ዘለግ ያለ ሣጥን ነው። ያንሻ የቀፎውን መጠንና ቅርጽ በማሻሻል እንደ ጡብ አንዱ በሌላው ላይ እንዲደረደር አደረገው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ተደራራቢ ቀፎ በጠባብ ቦታ ብዙ መንጋ ለመያዝ ያስችላል። በጋሪ ጭኖ አበባ ወዳለበት ለመውሰድም ያመቻል። በዚያ አገር ዋናው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በዚያው ማሳ ላይ ባክዊት የተባለ ሰብል ይዘራል፤ እርሱም ሌላው አበባ በሚያልቅበት ወራት ስለሚያብብ ንቡ ለብርዱ ጊዜ የሚሆነውን ስንቅ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ገበሬው ቀፎውን ከደጁ ሳያንቀሳቅስ አበባው እስኪመጣለት ከጠበቀ ግን ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። ያንሻም ይህንኑ ቀፎን ወደ አበባ የመውሰድ ዘዴ በኦስትሪያ እየተዘዋወረ አስተምሯል።

የካርኒዮላ ገበሬዎች የቀፎውን የፊት ሳንቃ በሥዕል ማስጌጥም ልማዳቸው ነበር። እስካሁን ከሚታወቁት ሥዕሎች ጥንታዊው የ1758 ሲሆን የእመቤታችን ሥዕል ነው። ከጊዜ በኋላ የቅዱሳን ሥዕል ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቀልድም ተጨመረበት፤ ለምሳሌ ያህል የዱር አራዊት አዳኙን ተሸክመው ሊቀብሩት ሲሄዱ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ባለቤቱ ቀፎዎቹን በቀላሉ እንዲለይ ይረዳው ነበር።

ያንሻ ራሱም ሠዓሊ ነበር። በ1766 ከወንድሞቹ ጋር ወደ ቪየና የሄደው የንብን ነገር ሊያስተምር ሳይሆን የሥዕል ጥበብ ሊማር ነው። ከወንድሞቹ አንዱ ሎቭሮ በዚያው ገፍቶ የታወቀ ሠዓሊና የሥዕል አስተማሪ ለመሆን በቃ። አንቶን ግን ወደ ልጅነት ሥራው ተመለሰ። በ1769 ሙሉ ጊዜውን ለንብ እርባታ ሰጠ። በተከታዩ ዓመትም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በኦስትሪያ ግዛቶች የመጀመሪያው የንብ እርባታ አስተማሪ አድርጋ ሾመችው። ትምህርቱን የሚሰጠው አውጋርተን በተባለው የቪየና የአትክልት ሥፍራ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው ንቡን በተግባር እያሳየ ነበር።

በዚያ ዘመን ስለ ንብ ብዙ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነበር። ድንጉላ ንቦች ለመንጋው ውኃ የሚቀዱ ናቸው የሚሉ ጥቂት አልነበሩም። ያንሻ ይህ ትክክል አለመሆኑን አስተማረ። የኢትዮጵያ ገበሬ አውራ የሚላት የመንጋው እናት ከድንጉላዎቹ ጋር የምትገናኘው ከቀፎ ውጭ፣ በአየር ላይ ስትበር መሆኑንም ገመተ። ግምቱ ልክ እንደነበረ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች አረጋግጠዋል። ይህን የመሰለ ነገር ከቀፎ አጠገብ ብዙ ቀን ያልዋለ ሰው አያስተውለውም።

በ1771 ንቦች ተከፍለው አዲስ መንጋ ስለሚያወጡበት ሁኔታ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የንብ እርባታን በሙሉ የሚያስተምረውን ሁለተኛውን መጽሐፍ ግን ታትሞ ለማየት አልታደለም። ያስተማረው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1773 በ39 ዓመቱ ቪየና ላይ በተስቦ በሽታ ሞተ። መጽሐፉ የወጣው በ1775 ነው። ንግሥቲቱም የንብ እርባታ አስተማሪዎች ሁሉ በያንሻ መጻሕፍት እንዲያስተምሩ አዘዘች።

ይሁን እንጂ ሁለቱም መጻሕፍት የታተሙት በጀርመንኛ ነበር። በብሬዝኒትሳና በአካባቢው ያለው ገበሬ የሚናገረው ደግሞ ስሎቬንኛ ነው። ከዚያው ከገበሬው መንደር የወጣው እውቀት ገበሬው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ተቀመጠ ማለት ነው። ትልቁ መጽሐፍ በስሎቬንኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1792፣ ደራሲው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

የዓለም ንብ አንቢዎች ከያሉበት የሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተጀመረው በ1897 ብራስልስ ላይ ሲሆን፣ አፒሞንዲያ በ1949 ተቋቋመ። በ2003 ጉባኤው የተደረገው በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሉብልያና ነበር። ለያንሻ መንደር ቅርብ በሆነችው በራዶቭልይትሳ ከተማ ከ1959 ጀምሮ የንብ እርባታ ሙዚየም ይገኛል፤ ሥዕል ያለባቸው የቀፎ ሳንቃዎችም በዚያ ተሰብስበዋል። በ2022 ዩኔስኮ የስሎቬኒያን የንብ እርባታ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዘገበው። በብሬዝኒትሳም የያንሻ የንብ ቤት እንደገና ተሠርቶ ቆሟል፤ ቀፎዎቹም እርሱ ባስተማረው ዓይነት አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረውበታል።