ደጋሚው ተማሪ ያሬድ

በየትምህርት ቤቱ ደጋሚ የሚባል ልጅ አይጠፋም። እኩዮቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እሱ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀራል። ስሙ ሲጠራ ከኋላ የሚስቅ አለ፤ መምህሩም ቢሆን ይህ ልጅ መቼስ አይገባውም ብሎ ጥያቄውን ወደ ሌላ ያዞራል። ሠልጣኞች ነገ ወደ ባምባሲም ተመደቡ ወደ መንጌ፣ ወደ ኩርሙክም ሄዱ ወደ ሸርቆሌ፣ ይህን ልጅ ማግኘታቸው አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የአገራችንን የዜማ አባት የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ከዚህ አንጻር እንመለከታለን። ያሬድ ደጋሚ ተማሪ ነበርና።

ያሬድ የተወለደው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነው። በተለምዶ ልደቱ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል። ዘመኑ አክሱም ገና ኃይሏ ያልተነካበት፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ዐረብ የዘመተበት ነበር። ያሬድ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱም ዘመዷ ለነበሩት ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መምህር ነበሩና ልጁን መዝሙረ ዳዊት ያስተምሩት ጀመር።

ትምህርቱ ግን አልገባ አለ። አብረውት የጀመሩት መዝሙሩን በቃላቸው ሲወጡት ያሬድ ትናንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል፤ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይጠፋበታል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። መምህሩም ተቆጡ፤ ቁጣው አልበቃ ሲላቸው መቱት። ስንክሳር ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ታሪኩ ይህን አይሸሽግም፤ አስተማሪው ልጁን እንደገረፉት በግልጽ ይናገራል። ልጁም ጠፍቶ ወደ ዱር ሄደ።

የሚቀጥለውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ያሬድ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። ቦታው በአክሱም አካባቢ ማይ ኪራሕ የሚባለው እንደሆነ ይነገራል። ቀና ብሎ ሲያይ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ይወጣል። ከመንገድ ይወድቃል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይወድቃል። በአፍ የሚተረከው ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ደረሰ ነው። ያሬድም ይህን አይቶ፣ እኔስ ከዚህ ትል አንሼ ነውን ብሎ ራሱን ወቀሰ። ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ሁላችንም ትሉን እናመሰግናለን፤ ጽናት ነው፣ ትጋት ነው እንላለን። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንዘላለን። አንደኛው፣ ትሉ ሲወድቅ በአርጩሜ የሚመታው አልነበረም። ከወደቀበት ተነሥቶ ግንዱን እንዲሞክር የተወለት ሰላም ነበር። ያሬድ በትምህርት ቤቱ ያጣውን፣ ደጋግሞ የመሳሳት ነፃነትን፣ ያገኘው ከዛፉ ሥር ነው። ሁለተኛው የመምህሩ ነገር ነው። ልጁ ተመልሶ ይቅርታ ሲጠይቅ አባ ጌዴዎን በሩን አልዘጉበትም፤ ሄደህ ነበር፣ ከእንግዲህ ቦታ የለህም አላሉትም። ተቀብለው እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። እንዲያው እንደ አስተማሪ ብናስበው፣ ጌዴዎን በግርፋቱ ተወቃሽ ሲሆኑ በዚህ ግን ሊመሰገኑ ይገባል። ትሉ ሰባት ጊዜ ቢወጣ፣ ዛፉም ሰባት ጊዜ ቆሞ ጠብቆታል።

ከዚህ በኋላ ስንክሳሩ ያሬድ የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትን በአንድ ቀን አጠናቀቀ ይላል። የዚህን ተአምር ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው። የሚገርመው ግን የያሬድን ስም ይዞ የኖረው የዜማ ትምህርት ቤት ማንንም በአንድ ቀን አስመርቆ አያውቅም። ድጓ የሚማር ሰው ዓመታት ይፈጅበታል። የሚማርበትን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ራሱ በእጁ ገልብጦ ይጽፋል፤ ቀን የተቀበለውን ዜማ ሌሊት በጨለማ ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ሲያበቃም ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ይፈተናል። ከሁለቱ ትረካዎች መካከል ትምህርት ቤቱ የመረጠው የትሉን ነው ማለት ነው።

ያሬድ ዲያቆን ሆነ። በገድሉ እንደሚነገረው ሦስት ወፎች መጥተው ወደ ሰማይ ወሰዱት፤ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ ሰምቶ ተመለሰ። ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶም ከዚያ በፊት ያልተሰማ ዜማ በከፍተኛ ድምፅ አሰማ። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ሕዝቡ ሥራቸውን ትተው ሊሰሙት መጡ። በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመንም እንዲህ ሆነ ይባላል፤ ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ ዜማው መስጦት የያዘውን ዘንግ ጫፉ ብረት መሆኑን ሳያስብ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። በገበታ ላይ የሚሣለው የያሬድ ሥዕል ሁልጊዜ ይህን ያሳያል። ሦስቱ ወፎች፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ የንጉሡ ዘንግ፤ ሠዓሊ ቢለዋወጥ ሥዕሉ ያው ነው። በአገራችን የሥዕል ልማድ ይህ የሠዓሊ ስንፍና ተደርጎ አይታይም። አንድ ሠዓሊ ከሌላው የሚለየው በዓይን አሣሣሉ፣ በልብሱ እጥፋት፣ በቀለሙ ነው፤ ያው ነገር ስለተደገመ ልዩነቱ ይታያል።

የያሬድ ዜማ ሦስት ስልት አለው። ግዕዝ ጠንከር ደረቅ ያለ፣ ዕዝል ለስለስ ያለ፣ አራራይ ቀጠን ብሎ ልብ የሚያባባ ነው። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕትና ምዕራፍ ናቸው። በእርግጥ ዛሬ በእጃችን ያለው ድጓ በየዘመኑ እየተጨመረበት የመጣ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ይህም ያሬድን አያሳንሰውም፤ ተማሪዎቹ የሰጣቸውን እየደገሙ ሲጨምሩበት ኖረዋል።

ይህን ለማየት በበዓል ቀን ማኅሌት መቆም ነው። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከበሮ የለ፣ እንቅስቃሴ የለ። ያው ቃል እንደገና በዝማሜ ይመጣል፤ አሁን መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ያው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ በመረግድ ሲመጣ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገቡበታል። ከዚያ ጽፋት ይከተላል፤ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ እግር መሬት አይዝም። ቃሉ አንድ ፊደል አልተለወጠም። በመጀመሪያው ጊዜ ያልገባው ሰው በሁለተኛው፣ በሁለተኛው ያልገባው በሦስተኛው ይገባል፤ አስቀድሞ የገባው ደግሞ አይሰለችም፤ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ሥራ አለውና። አንድን ትምህርት ሳያሰለቹ ሦስት አራት ጊዜ መድገም እንዴት እንደሚቻል ለሚጨነቅ ሠልጣኝ ከዚህ የተሻለ ሞዴል ትምህርት የት ይገኛል?

ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ የግድ ቤተ ክርስቲያን መሄድም አያሻም። እዚሁ አሶሳ ዙሪያ የበርታ ሕዝብ ዋዛ አለ። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አሥር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ይነፋሉ። እያንዳንዱ ሰው ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ብቻውን ቢሰሙት፣ ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው ያሰኛል፤ ያንኑ አንድ ድምፅ በተራው ጊዜ ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ ይነፋል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲደግም ግን ከመካከላቸው ማንም ብቻውን ያልያዘው ዜማ ይወጣል። በቁርአን ቤትም፣ በኸልዋው፣ ልጁ አንቀጹን በሎህ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው ሎሁን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። እንጨቱ ያው ነው፤ የሚሞላው ልጁ ነው።

ወደ ያሬድ ዜማ እንመለስ። የያሬድ ዜማ ለረጅም ዘመን በጽሑፍ ምልክት አልነበረውም ይባላል። ከግራኝ ጦርነት በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት አበጁለት። ሊቃውንቱ በጦርነት ካለቁ ዜማው አብሮ እንዳይጠፋ የታሰበ መሆን አለበት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ከነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፉ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። የአሠራሩ ብልሃት ይገርማል። እነዚህ ፊደሎች የድምፁን ከፍታ አይለኩም። ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ከአንድ የዜማ ቃል የተቀነጨቡ ናቸው፤ እዚህ ላይ የዚያን ቃል ዜማ አምጣ ብለው ያስታውሱታል። እንግዲህ ያንን ቃል ደጋግሞ በአንደበቱ ላላስገባ ሰው ምልክቱ ጭረት ብቻ ነው። ጽሑፉ የቆመው በድግግሞሽ መሠረት ላይ ነው ማለት ነው፤ መጽሐፉ ቢኖር መምህሩ ግን ባይኖር ዜማው አይነበብም።

ይህን ስንል ሽምደዳን ማወደሳችን እንዳይመስል። ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ እንደ በቀቀን የሚለው ነገር ፈተናው ባለፈ ማግስት ይበናል። የድሮው የንባብ ቤት እንኳ ድግግሞሹን መልክ እየለወጠ ነበር የሚሰጠው፤ የዮሐንስን መልእክት ልጁ መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፣ ከዚያ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነበዋል። ጀርመናዊው ኤርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ራሱን ፈትኖ ያገኘው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይጠፋል፣ በአንድ ጊዜ ከተከመረ ድግግሞሽም በየቀኑ የተከፋፈለው ይበልጥ ይረጋል። የድጓ ተማሪ ቀን የተቀበለውን ሌሊት፣ የሌሊቱን ንጋት ላይ የሚያወጣው ይህን ቀመር ከመጽሐፍ አንብቦ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ መድገም ለመሣሪያ ተሰጥቷል። ቀድሞ ቴፕ፣ አሁን ሞባይል፣ አንዱን ዜማ ሺህ ጊዜ ሳይደክመው ያሰማል፤ የድጓ ተማሪዎችም ሳይቀሩ የመምህራቸውን ድምፅ ቀድተው ይይዛሉ። ይጠቅማል፤ መምህር በሌለበት ሰዓት መምህር ይሆናል። ብቻ መሣሪያው ሺህ ጊዜ ሲደግም ራሱ አንድም አይማር። ሰሚውም ቁልፉን ተጭኖ ዝም ካለ እንዲሁ ነው። ደግሞም ሞባይል ተማሪው የቱ ጋ እንደተሳሳተ አይሰማም። አጠገቡ ተቀምጠው፣ ከዚህ ላይ ወደቅህ፣ ከዚሁ ጀምር የሚሉት መምህር ግን ይሰማሉ።

ያሬድ በአክሱም እስከ መጨረሻው አልቆየም። ንጉሡ እግሩን ስለወጋው አዝኖ የምትሻውን ጠይቀኝ ባለው ጊዜ፣ ሹመትና ርስት ሳይሆን ከከተማ ወጥቶ እንዲሄድ ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ ፈቀደለት። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያ ብርድ ውስጥ በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርትም እያስተማረ ኖረ። የአጎቱን ልጅነት ቁጣ የቀመሰ ሰው በእርጅናው ከፊቱ ተቀምጦ ዜማው አልያዝ ላለው ልጅ ምን ያደርግ እንደነበር ገድሉ አይነግረንም። ያረፈውም በዚያው በሰሜን ነው፤ መታሰቢያው በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይውላል። አዲስ አበባ የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስሙን ሳንጠራ በየዓመቱ የምንደግመው ሌላ ሥራው አለ። የዐቢይ ጾም እሑዶች ስማቸውን ያገኙት ከጾመ ድጓው ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። የከተማና የደብር ስም ሆኖ የምናውቀው ደብረ ዘይትም በዚህ ተራ አምስተኛው፣ የጾሙ እኩሌታ ላይ የሚውለው እሑድ ነው።