የአንኮበሩ ንጉሥ ሕመም

ጎረቤላ በሄድኩ ቁጥር ወደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት ጉብታ እወጣለሁ። እዚያ ስቆም የሚታወሱኝ የአድዋው ምኒልክ ሳይሆኑ አልጋ ላይ የዋሉት ምኒልክ ናቸው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው አፄ ቴዎድሮስ ማርከው መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና በአያታቸው ከተማ በአንኮበር ነገሡ። ስልኩንና ባቡሩን ሁሉም ያውቀዋልና አልደግመውም።

ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም ደጋግሞ መታቸው። በጥቅምት 1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱንም ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 የመጣው ምት ሽባ አደረጋቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ንጉሥ እያለ አገሪቱ አዛዥ አጣች፤ ቤተ መንግሥቱም በእቴጌ ጣይቱና በመኳንንቱ ሽኩቻ ታመሰ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እንኳ ሞታቸው ተደበቀ። መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬም ነበር፤ እኔ ግን ደም ሥራቸውን እጠረጥራለሁ።

በጊዜው ምን ሊደረግላቸው ይችል ነበር? ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ የክንድ የደም ግፊት መለኪያውን ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ አድዋ በተዋጋንበት ዓመት መሆኑ ይገርማል። ግፊቱን የሚያወርድ ሁነኛ መድኃኒት ግን ገና አልነበረም።

ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲቆጣ ስብ ይጋገርበታል፤ የተጋገረው ሲሰነጠቅ ደም ይረጋና ወደ አንጎል የሚሄደውን መንገድ ይዘጋል። ከዚያም በተጎዳው አንጎል ውስጥ የሚነሳው ብግነት ጉዳቱን ያሰፋዋል። ይህን ብግነት ከምቱ በኋላ ለማብረድ የተሞከሩ መድኃኒቶች በአብዛኛው አልሠሩም፤ አንዳንዱም በሽተኛውን ጎዳ። አስቀድሞ መጀመር ግን የተሻለ ውጤት አሳይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ጁፒተር በተባለው ጥናት፣ መጥፎ ኮሌስትሮላቸው ያልበዛ ነገር ግን በደማቸው የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው 17,802 ሰዎች ተካፈሉ፤ ስታቲን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ ስትሮክ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልንም ስለሚያወርድ ጥቅሙ በሙሉ ከብግነቱ መብረድ ነው አይባልም። ግፊትን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተውና መንቀሳቀስም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እኔ ራሴ ግፊቴን መቼ እንደተለካሁ ጉብታው ላይ ቆሜ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።