ዶክቶር ራውስና የዶሮይቱ ዕጢ

ለፈተና መጽሐፍ ስንገልጥ ስማቸውን በጨረፍታ አይተን የምናልፋቸው ዶክቶር ፔይተን ራውስ በ1879 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) በባልቲሞር ተወለዱ።

በኒውዮርክ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ሳሉ ደረቷ ላይ ዕጢ ያበጠባት ዶሮ መጣችላቸው። ዕጢው ከጡንቻና ከመሰሉ ለስላሳ ሥጋ የሚነሣው ሳርኮማ የተባለው ነቀርሳ ነበር። እሳቸውም ፈጭተው፥ ሕዋስ ሾልኮ በማያልፍበት ማጣሪያ አጥልለው፥ ጭማቂውን የዘሯን ጤነኛ ዶሮ ቢወጉት ዕጢው ዳግመኛ በቀለ። በ1911 ዓ.ም. ይህንን ቢያሳትሙም ያመናቸው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ዓመታት ታግለው ተዉት። እኛ ብንሆን ከዚያም ቀድመን በተውነው!

በ1930ዎቹ ተመልሰው የጥንቸል ኪንታሮት ደረጃ በደረጃ እየከፋ ነቀርሳ እንደሚሆን አሳዩ። ኖቤል የደረሳቸው በ1966 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ነው።

የሚገርመን ግን ያ ሳይታመን የኖረ ሰው በሽልማቱ ንግግር፥ ነቀርሳ ከሕዋሱ ከራሱ የዘር ለውጥ ይመጣል የሚሉትን መንቀፋቸው ነው። በ1970 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1976 ዓ.ም. ያ ቫይረስ ዕጢ የሚያበቅልበት ዘረ መል ምንጩ በጤነኛ ዶሮ ሕዋስ ውስጥ ተገኘ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሳርኮማ ዕጢ 67 ዘረ መሎች መርምረው፥ የትኛው ዕጢ ወደ ሌላ አካል እንደሚዛመት አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳተሙ።